ተበዳይ ያልተጠራበት ችሎት

አንባቢ በልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ላይ የሚሰጠው ፍርድ በጎረቤቱ ላይ ከሚሰጠው ፍርድ የሚለየው ሕጉ ስለሚላላ አይደለም፤ መጽሐፍ ስለ ገለጠ ብቻ ነፍስ ማጥፋትን እንደ ቀላል ጥፋት መቁጠር የሚጀምር አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከችሎቱ አቀማመጥ ሲሆን፣ ይኸውም ማን ፊት ለፊት ቀርቦ እንደሚናገርና ማን ስሙ እንኳ ሳይጠራ ከደጅ እንደሚቀር ማለት ነው። ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 የሩሲያ መልእክተኛ በተባለው መጽሔት ዓመቱን ሙሉ በተከታታይ ያሳተመው፣ በአማርኛ አንባቢ ዘንድም «ወንጀልና ቅጣት» በሚል ርእስ የሚታወቀው ልብ ወለድ ይህን አቀማመጥ ገና በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ያጋልጠዋል። ትምህርቱን ያቋረጠው ወጣት ራስኮልኒኮቭ በመያዣ ገንዘብ የምታበድረውን አሮጊት አልዮና ኢቫኖቭናንና ሳትጠበቅ የደረሰችውን እኅቷን ሊዛቬታን በመጥረቢያ ገድሎ ከቤቱ ሳይወጣ ደንበኞች መጥተው በሩን ይደበድባሉ፤ እርሱም መቀርቀሪያው ሲንቀጠቀጥ እያየ፣ መጥረቢያውን እንደ ጨበጠ፣ ከውስጥ በኩል ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። በዚህች ቅጽበት አብዛኛው አንባቢ የሚመኘው ደንበኞቹ ገብተው ገዳዩን እንዲይዙት ሳይሆን ሰልችቷቸው እንዲመለሱ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ከበሩ ጥቂት እርምጃ ርቀው በደማቸው ተነክረው ወድቀዋል።

ይህ ምኞት ከይቅርታ ጋር መምታታት የለበትም። ስለ ፊልምና ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት የጻፈው ምሁር ሙሬይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ተመልካች ከገጸ ባሕርይ ጋር የሚፈጥረውን ትስስር ሲተነትን ሁለት ነገሮችን ለያይቷል። አንደኛው በአማርኛ መጠጋት ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ ትረካው አንድን ሰው እግር በእግር እየተከተለ የሚያየውን ሲያሳይና የሚያስበውን ሲገልጥ የሚፈጠር ቅርበት ነው፤ ሁለተኛው መወገን ሲሆን፣ ተመልካቹ የገጸ ባሕርይውን ሥነ ምግባር መዝኖ ከጎኑ ሲቆም የሚመጣ ነው። በተዘጋው በር ትዕይንት ላይ አንባቢን የሚይዘው መጠጋት ነው፤ ከራስኮልኒኮቭ ዓይን ሌላ የሚያይበት ዓይን፣ ከእርሱ ፍርሃት ሌላ የሚሰማው ፍርሃት አልተሰጠውም። ችግሩ መጠጋት ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ መወገን መለወጡና አንባቢው ለውጡን አለማስተዋሉ ነው። ቀደም ያለው የመገናኛ ብዙኃን ሥነ ልቡና፣ በተለይ የዶልፍ ዚልማን ጥናት፣ ተመልካች እንደ ዳኛ ሥራን እየመዘነ በጎውን ይወዳል ክፉውን ይጠላል ይል ነበር፤ አርተር ሬይኒ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ ማለትም ሰዎች አስቀድመው ገጸ ባሕርይውን ወደው ሥራውን በዚያ ውዴታ መሠረት እንደሚተረጉሙት አመልክቷል። ይህ እውነት ከሆነ ደራሲው ዋና ገጸ ባሕርይውን መጀመሪያ ማስተዋወቁ ብቻውን ለተከሳሽ የተሰጠ ታላቅ ጥቅም ይሆናል።

እዚህ ላይ ይቅር የማይባል በደል የሚባለው ምን እንደ ሆነ መገለጽ አለበት። ቃሉ የሚያመለክተው በጣም ከባድ የሆነን ጥፋት ሁሉ አይደለም፤ የፈጻሚው ምክንያት፣ ጸጸቱም ሆነ ካሣው ሊያካክሰው የማይችለውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይቅር ማለት የሚችለውን ብቸኛ ሰው ከምድር ያጠፋውን ወይም ድምፁን የነጠቀውን ሥራ ነው። የተሰረቀ ሰው ሌባውን፣ የተሰደበ ሰው ተሳዳቢውን ይቅር ሊለው ይችላል፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ እርቅ ሊወርድ ይችላል። የተገደለ ሰው ግን ለእርቅ አይቀርብም፤ ቤተሰቡ ይቅር ቢል እንኳ ይቅር የሚለው የራሱን ሐዘን እንጂ የሟቹን ሞት አይደለም። በልብ ወለድ ውስጥ ይህ ችግር ይብሳል። በገሃዱ ዓለም ሟች መቃብር አለው፣ የሚያውቁት ሰዎች አሉት፣ ጸሐፊ ባይጽፍለትም ኖሮ ሞቷል፤ በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ተበዳይ ግን ደራሲው በጻፈለት ቃላት መጠን ብቻ ይኖራል። ስለዚህ አንባቢ አንድን ገጸ ባሕርይ ይቅር አልኩት ሲል የበዳዩን ምክንያት ከመመዘኑ አስቀድሞ፣ ሳያውቀው፣ ለተበዳዩ የተሰጠው ስፍራ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እየመሰከረ ነው።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ዙሪያ የነኩት ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757፣ ታማር ጄንድለር ደግሞ በ2000 እንዳነሱት፣ አንባቢ የሚበር ፈረስንም ሆነ የሚናገር ዛፍን ያለ ተቃውሞ የሚቀበል ሲሆን፣ ሕፃን መግደል መልካም ነው የሚል ታሪክ ሲቀርብለት ግን ምናቡ እምቢ ይላል። ይህ የምናብ እምቢታ አንባቢን ከመታለል የሚጠብቅ አጥር ይመስላል፤ ሆኖም የሚጠብቀው በግልጽ ከተነገረ ክፉ ፍርድ ብቻ ነው። ግድያው መልካም ነበር ብሎ የሚከራከር ደራሲ አንባቢውን ያጣዋል፤ ግድያው ክፉ መሆኑን አምኖ የሟቹን ፊት የሚያደበዝዝ ደራሲ ግን ይዞት ይሄዳል።

ወደ ራስኮልኒኮቭ መመለስ ያስፈልጋል፤ ዶስቶየቭስኪ ይህን ማደብዘዝ የጀግናው ሕመም አድርጎ የጻፈ ሰው ነውና። ራስኮልኒኮቭ ለመግደል የሚያበቃ ሒሳብ አለው፤ በመሸታ ቤት አንድ ተማሪ ለአንድ መኮንን ሲናገር እንደ ሰማው፣ ለማንም የማትጠቅም አንዲት ክፉ አሮጊት ብትሞትና ገንዘቧ ለድሆች ቢውል የአንዷ ሞት በብዙዎች ሕይወት ይካካሳል የሚል ሒሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነገር በዚያው ንግግር ውስጥ የአሮጊቷ ክፋት ማስረጃ ሆና የቀረበችው ሊዛቬታ መሆኗ ነው፤ እኅቷ እየደበደበች እንደ ባሪያ የምታሠራት፣ የዋህና ዝምተኛ ሴት። የግድያው አስተሳሰብ ተበዳይ ናት ብሎ የጠራት ሴት፣ ግድያው ሲፈጸም በዚያው መጥረቢያ ትሞታለች፤ መጥረቢያው ሲነሣባትም ራሷን በቅጡ እንኳ አትከላከልም። ከዚያ በኋላ ራስኮልኒኮቭ ስለ አሮጊቷ እየተቆጣ፣ ቅማል ናት እያለ፣ ንድፈ ሐሳቡን እየመረመረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ይጓዛል፤ ሊዛቬታን ግን እምብዛም አያስባትም፣ አለማሰቡም እርሱን ራሱን ይገርመዋል። አንባቢም አብሮት ይረሳል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ቢጠየቅ አራጣ አበዳሪ አሮጊት ስለ ገደለ ተማሪ ይናገራል፤ ሁለተኛዋ ሴት ከማጠቃለያው ትወድቃለች፤ ከእርሷ ጋር ሒሳቡ አይሠራምና።

ደራሲው ግን አልረሳትም። ራስኮልኒኮቭ ምስጢሩን የሚገልጥላት ወጣት ሶንያ ስለ አልዓዛር ትንሣኤ የምታነብለት ወንጌል ሊዛቬታ ያመጣችላት ነው፤ ወንጀሉን ሊነግራት ሲሞክር በሶንያ ፊት ላይ የሚያየው የሊዛቬታን የመጨረሻ ፊት ነው፤ ሶንያ መስቀል ስትሰጠውም ለራሷ የምታስቀረው ከሊዛቬታ ጋር የተለዋወጠችውን የመዳብ መስቀል ነው። ሟቿ በዕቃዎቿና በፊቷ አማካይነት ገዳዩን ትከተለዋለች፤ ክስ አታሰማም፣ መገኘቷ ግን አይቋረጥም። የዶስቶየቭስኪ የማስታወሻ ደብተሮች እንደሚያሳዩት ልብ ወለዱ የተጀመረው በገዳዩ አንደበት እንደሚነገር ኑዛዜ ሆኖ ነበር፤ ደራሲው ያን ትቶ በሦስተኛ መደብ ወደሚናገር ተራኪ ተሻገረ። ውሳኔው የአጻጻፍ ብልሃት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ራስኮልኒኮቭ የማያስባትን ሴት አንባቢ እንዲያስባት ከእርሱ ራስ ውጭ የሚቆም ተራኪ አስፈላጊ ነበር። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ስምንት ዓመት የግዞት ሥራ ሲፈርድበት፣ በሳይቤሪያ ሳለም ለረጅም ጊዜ ሳይጸጸት ሲቆይ፣ መጽሐፉ አንባቢውን ወደ ቀላል ምሕረት አይገፋውም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። በተአምረ ማርያም የሚገኘውና የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታወሰው የበላዔ ሰብእ ታሪክ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከነሚዛኑ እየተሣለ ለትውልዶች የቆየ፣ ይቅር የማይባል ስለሚመስል በደል የተነገረ ትረካ ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው በውኃ ጥም ለተጨነቀ ለማኝ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ ሲሞትም ነፍሳቱ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላ ወገን ይመዘናሉ፤ በእመቤታችን ምልጃም ውኃዋ ሚዛን ትደፋለች። ታሪኩ ለአማኙ የእምነት ነገር እንጂ ልብ ወለድ ስላልሆነ ከልብ ወለድ ጋር የሚነጻጸረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ምሕረቱ ከማን እንደሚመጣ ነው። ታሪኩ የበላዔ ሰብእን ጥፋት አያሳንስም፤ ቆጥሮ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ለምሕረት የበቃ ነው አይልም፤ ምሕረቱ የሚመጣው ከኪዳኑ ነው። ሰሚውም ይቅር በል ተብሎ አልተጠየቀም፤ የሚያየው ከእርሱ በላይ የሆነ ባለሥልጣን የሚሰጠውን ምሕረት ነው። ዘመናዊው ልብ ወለድ ይህን ወንበር ባዶ ትቶታል፤ ባዶውም ወንበር ለአንባቢው ስለ ቀረለት፣ ምንም ያልተበደለውና ምንም የማይከፍለው አንባቢ በሟቾች ፋንታ ይቅር እንዲል ይታደማል። ይህ ለማንም ሰው የማይገባ ሥልጣን ነው፤ አንባቢዎች እንዲህ በቀላሉ መቀበላቸውም ሊያሳስብ ይገባል።

ቭላድሚር ናቦኮቭ እ.ኤ.አ. በ1955 በፓሪስ ባሳተመው «ሎሊታ» ግብዣው እጅግ በተዋበ ቋንቋ ቀርቧል። ተራኪው ሃምበርት የ12 ዓመት ልጅን ለዓመታት በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ የበደለ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ በእስር ቤት ሆኖ የጻፈው ኑዛዜ ነው። አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 የማይታመን ተራኪ የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ ያመለከተው እንዲህ ያለውን ተናጋሪ ነው፤ ንግግሩ ደራሲው በሥራው ውስጥ ካሰፈረው ሚዛን ጋር የማይስማማ፣ ስለዚህም አንባቢ ከቃሉ በስተጀርባ እንዲያይ የሚያስገድድ ተራኪ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማስገደዱ ሁልጊዜ አይሳካም። ከዘመኑ ታላላቅ ሐያስያን አንዱ የነበረው ላዮኔል ትሪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው መጣጥፍ ልብ ወለዱ ስለ ፍቅር ነው ብሎ የተከራከረ ሲሆን፣ አንባቢው ሳያውቀው በደሉን ወደ መፍቀድ እንደሚደርስም በግልጽ አምኗል። እንዲህ ያለ የሠለጠነ አንባቢ ይህን ሲናገር ጉዳዩ የንባብ ችሎታ ማነስ እንዳልሆነ ይታያል። ልጅቷ የታወቀችበት ስም እንኳ በዳይዋ ያወጣላት ነው፤ እናቷ የሰየመቻት ዶሎረስ ሄዝ ብላ ነበር። ሃምበርት ስለ ራሱ ምኞት ምዕራፍ ሙሉ ሲናገር ስለ ልጅቷ የሌሊት ልቅሶ የሚናገረው በዓረፍተ ነገር ቅጥያ ነው። ሞቷም የተነገረው በመቅድሙ ላይ፣ በባሏ ስም ሚስስ ሪቻርድ ሺለር ተብላ ሲሆን፣ ታሪኩን ገና ያልጀመረ አንባቢ ማን እንደ ሞተች ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው ብቻ ያ ስም ላይ ሲደርስ ይቆማል። ናቦኮቭ ተበዳይዋን ከመጽሐፉ አላወጣትም፤ የተናጋሪው ድምፅ እንዲሸፍናት አድርጎ ፈልጎ ማግኘቱን ለአንባቢው ሕሊና ተወው፤ ብዙዎች ሳይፈልጓት ማለፋቸው የመጽሐፉ ታሪክ አካል ሆኗል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የገፋችው ቶኒ ሞሪሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውና በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው «ቢላቭድ»፣ ማለትም የተወደደችው፣ በአንድ እውነተኛ ድርጊት ላይ የተመሠረተ ነው። ማርጋሬት ጋርነር የተባለች በባርነት የነበረች ሴት እ.ኤ.አ. በጥር 1856 ከኬንታኪ ከቤተሰቧ ጋር በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ አመለጠች፤ አሳዳጆቹ በደረሱባት ጊዜም ልጆቿ ወደ ባርነት እንዳይመለሱ ብላ የሁለት ዓመት ገደማ ልጇን በቢላዋ ገደለች። በሲንሲናቲ የተነሣው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ታላቅ ትምህርት አለው። የባርነት ተቃዋሚዎች፣ ማለትም ለእርሷ የሚቆረቆሩት ሰዎች፣ የጣሩት በነፍስ ግድያ እንድትከሰስ ነበር፤ ገዳይ ተብሎ ሊከሰስ የሚችለው ሰው ብቻ ነውና፣ የሞተችውም ሕፃን ሰው መሆኗ የሚታወቀው ሞቷ ግድያ ከተባለ ነውና። ከባለቤትነት ሕግ ጎን የቆሙት ግን ፍርድ አልፈለጉም፤ ንብረቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ አሉ፣ ተመለሰችም። አለመፍረድ ምሕረት መስሎ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ይህ ታሪክ መታወስ አለበት፤ እናቲቱን ከክስ ያስቀረው ሕግ እርሷንም ልጇንም ከሰው ተራ ያስወጣ ሕግ ነበር።

ሞሪሰን ሴተ ብላ በሰየመቻት ጀግና ታሪክ ውስጥ ድርጊቱን ያስቀመጠችበት ስፍራ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። አንባቢ ከሴተ ጋር የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ከኖረ፣ የጀርባዋን ጠባሳ ካየ፣ እንዴት እንዳመለጠችና ለ28 ቀናት ብቻ በነፃነት እንደ ኖረች ከሰማ በኋላ፣ ግድያው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የሚነገረው በአራቱ ፈረሰኞች ዓይን ነው፤ ሊይዟት በመጡት ዓይን። ማገዶ ቤት ውስጥ ያለውን ደም የሚያየው «መምህሩ» ተብሎ የሚጠራው ጌታ የሚያሰላው የጠፋበትን ንብረት ነው። አንባቢ ከዚህ ዓይን ጋር ሊወግን አይችልም፤ ዓይኑ የሚያየውን መጋዝና ደም ደግሞ አላየሁም ሊል አይችልም። ከመጠጋት ወደ መወገን የሚወስደው ቀላል መንገድ ልክ መወገን በሚቀልበት ሰዓት ይቆረጣል። ሴተ ራሷ ለፖል ዲ. ልታስረዳው ስትሞክር ክፍሉን እየዞረች እንጂ በቀጥታ መናገር አትችልም፤ እርሱም በባርነት አብሯት የኖረ፣ በአፉ ልጓም ገብቶበት የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የሠራችው የአራት እግር ፍጥረት ሥራ ነው ብሎ ከቤቱ ይወጣል። አማቷ ቤቢ ሰግስ ደግሞ ልትደግፋትም ልትኮንናትም ሳትችል አልጋዋ ላይ ቀርታ ሞታለች። ከመካከላቸው ማንም የፍርዱን ወንበር በደህና የተቀመጠበት የለም።

ሞሪሰን በቃለ መጠይቆች እንደ ተናገረችው፣ በሴተ ላይ ለመፍረድ ራሷን ጨምሮ ማንም ብቁ እንዳልሆነ ሲገባት፣ ሊፈርድ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ የተገደለችው ልጅ። ስለዚህ ሙታን እንዲመለሱ ፈቀደች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ከአንዲት ቃል በቀር ስም ያልተጻፈላት ሕፃን ከ18 ዓመት በኋላ ወጣት ሴት ሆና ወደ ቤቱ ትገባለች፤ በሌሎቹ መጻሕፍት በፊት፣ በመስቀል፣ በሌሊት ልቅሶ ብቻ የታየችው ተበዳይ እዚህ ሥጋ ለብሳ ማዕድ ትቀርባለች። የምትሰጠው ፍርድ አንባቢ የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። ሴተ ምክንያቷን ታስረዳለች፣ ትለምናለች፣ ፍቅር ነበር ትላለች፤ ልጅቷ ግን ለምን ትተሽኝ ሄድሽ እያለች ትጠይቃለች እንጂ መልስ አይበቃትም። እናት እየመነመነች ልጅ እየወፈረች ትሄዳለች። ተበዳይ በመጨረሻ ድምፅ ሲያገኝ ይቅር ይላል ብሎ የጠበቀ አንባቢ፣ ያ ተስፋ ለራሱ ምቾት የተሠራ እንደ ነበር ያየዋል።

ሴተን ከዚህ የሚያወጣት ይቅርታ አይደለም። በመንደሩ ከሚኖሩት ሴቶች አንዷ ኤላ፣ እርሷም በወጣትነቷ አባትና ልጅ ያሠቃዩአት፣ ከዚያ የተወለደውን ሕፃን አላጠባም ብላ የሞተባት ሴት፣ የሴተን ጥፋት ከባድ፣ ኩራቷን ደግሞ ከጥፋቷ የባሰ አድርጋ ትቆጥር ነበር፤ ከእስር ከወጣች ጀምሮም ርቃት ኖራለች። የሞተው ተመልሶ ሕያዋንን እየቀጣ መሆኑን ስትሰማ ግን ሌሎቹን ሴቶች ሰብስባ ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ፍርዷን አላነሣችም፤ ጥፋቱ ጥፋት መሆኑን አልካደችም፤ የወሰነችው ቅጣቱ ማብቃት እንዳለበት ብቻ ነው። ይህ ውሳኔ ከኩነኔም ከምሕረትም የተለየ ነው፤ ሟቿን ወክሎ ይቅር አይልም፣ ሕያዋን ያለ ገደብ እንዲቀጡም አይፈቅድም፤ ወሳኟም ሩቅ ሆና የምታነብ ሰው ሳትሆን የራሷን ሕፃን ሞት ተሸክማ የኖረች፣ ፈረሰኞቹ ሲመጡ ሴተን ባለማስጠንቀቁ ምክንያት ከጥፋቱ ድርሻ ያለው የዚያው መንደር ሴት ናት።